ስለ ሚሌ ወንዝና ስለ ወንዝ ልጅነት

ሰው ከተወለደበት አገር ርቆ ሲኖር፣ የሥጋ ዘመዱ ያልሆነ የአካባቢው ተወላጅ ያጋጠመው እንደሆነ «የወንዜ ልጅ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። «የአገሬ ሰው» የሚልም አለ፤ ነገር ግን «የወንዜ ልጅ» የሚለው ቃል ይበልጥ ወደ ልብ ይቀርባል። አገር ሰፊ ነው፤ ወንዝ ግን በእንስራ የተቀዳ፣ ከብት የጠጣበት፣ ልብስ የታጠበበት፣ በልጅነት የተዋኘበት ነው። ከአንድ ወንዝ የጠጡ ሰዎች ሳይዛመዱ እንደ ዘመድ ይተያያሉ።

ይሁን እንጂ ቃሉን በምንናገርበት ጊዜ አንድ ነገር እንዘነጋለን። ወንዝ በአንድ መንደር ተጀምሮ በዚያው መንደር አያልቅም። እኛ «ወንዛችን» ስንል ከደጃችን የሚያልፈውን ቁራጭ ብቻ ማለታችን ነው፤ ከላይ ማን እንደ ቀዳው፣ ከታችም ማን እንደሚጠጣው አንጠይቅም። ቃሉን እንደ ፊደሉ ብንወስደው የወንዛችን ልጆች ቁጥር ከምናስበው እጅግ ይበዛል፤ ከእነርሱም መካከል ቋንቋቸውን የማንሰማ፣ አለባበሳቸውም ከእኛ የተለየ ይገኙበታል። ይህን በአንድ ትንሽ ወንዝ ታሪክ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ወንዙ ሚሌ ነው።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርሁበት ዘመን የራይንና የዳንዩብ ወንዞች በየትኞቹ ከተሞች እንደሚያልፉ በቃላችን እንይዝ ነበር፤ ዮርዳኖስንም ከሔርሞን ተራራ እስከ ሙት ባሕር ድረስ ካርታ ላይ ሥለናል። ትምህርቱ መልካም ነበር፤ አልነቅፈውም። እንዲያውም ዮርዳኖስን ማወቅ ሚሌን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ሁለቱም ውቅያኖስ ሳያዩ የሚቀሩ ወንዞች ናቸውና። ነገር ግን የወሎ ልጅ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲጓዝ የሚሻገረውን ወንዝ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ካደገ፣ የቤቱን በር ሳያይ የጎረቤቱን አጥር የቆጠረ ሰው ይመስላል።

ውጫሌ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ከሃይቅ አልፎ የምትገኝ ከተማ ናት። ከምዕራብ በኩል የአምባሰል ተራሮች እንደ ግንብ ቆመውላታል። ለዜማ ወዳጅ የተራሮቹ ስም እንግዳ አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ይባላል። ለምእመናንም ግሸን ማርያም በዚሁ ወረዳ ናት፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱ ማዕዘን ሰው ይጎርፍባታል። ለውኃ ግን ተራሮቹ ሌላ ትርጉም አላቸው፤ የውኃ መክፈያ ናቸው።

ክረምት በአምባሰል ሸንተረር ላይ ሲወርድ ውኃው በሁለት ይለያያል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በሽሎን ያገኛል። በሽሎ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀናቸውን ባዩባት በመቅደላ ሥር ያልፍና ከዓባይ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ሜዲትራኒያን። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ግን ወደ ሚሌ፣ ከሚሌም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ድንጋይ ግራና ቀኝ ቢያርፉ፣ አንደኛው የግብፅን ስንዴ ሊያጠጣ፣ ሁለተኛው በአፋር በረሃ ሊተንን ይችላል። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አይገናኙም።

የሚሌ ምንጭ ከሱሉላ በስተምዕራብ ያለው የተሁለደሬ ደጋ ነው። አወራረዱ ትንሽ ያስገርማል። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ ካርታውን እስከዚህ ብቻ ያየ ሰው ወደ ተከዜ የሚሄድ ይመስለዋል። በኋላ ግን ሐሳቡን እንደ ለወጠ ሰው ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና በወረባቦና በሐብሩ ቆላዎች በኩል አድርጎ ወደ አፋር ይወርዳል። ከአምባሰል ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚነሡት ጅረቶች ሁሉ ይገብሩለታል። «ገባር» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ቋንቋችን ትንሹን ወንዝ ለትልቁ ገባር ይለዋል፤ እንደዚሁ ደግሞ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ እህሉንና ጉልበቱን ለባለ ርስት ወይም ለባለ ጉልት ያስረክብ የነበረውን ገበሬ ገባር ይለው ነበር። በሁለቱም ዘንድ የገባሩ ስም ከተቀባዩ ስም ውስጥ ይሰምጣል። አዋሽን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሚሌን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ብዙውን ጊዜ የከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲ የሚወርደው መንገድ ከአሰብና ከጅቡቲ መንገድ ጋር የሚገጥምባት የአፋር ከተማ ስሟን ከወንዙ ወስዳለችና።

ወንዙ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ወደ 500 ሜትር ግድም ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ዳር የገብስና የባቄላ አገር፣ ቀጥሎ የጤፍና የማሽላ አገር፣ ቀጥሎም የግመልና የፍየል አገር ይገኛል። ከላይ ያለው ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ሲያድር ከታች ያለው ሜዳ ላይ ተኝቶ ነፋስ ይለምናል። በ1920 ዓ.ም. የአፋርን በረሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋረጠው ኔስቢት የተባለ ተጓዥ ወደ ሚሌ በደረሰ ጊዜ ትልቅነቱ አስደንቆት፣ ከከሰም ወዲያ አዋሽ በግራ ዳርቻው የሚቀበለው እውነተኛ ገባር ይህ ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። በደጋ እንደ ጅረት የምናየው፣ በበረሃ ለሚኖር ሰው ታላቅ ወንዝ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኛቸው ደራሽ ነው። ደራሽ ማለት ከላይ ዘንቦ ወደ ታች ድንገት የሚመጣ ጎርፍ ነው። በበረሃው ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እየተኰሰች ሳለ፣ ትናንት ማታ በደጋ የወረደው ዝናብ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። ስለዚህ የአፋር እረኛ በክረምት ወንዝ ውስጥ አይተኛም፤ ዓይኑን ወደ ምዕራብ ሰድዶ በተራሮቹ ላይ ደመናና መብረቅ መኖሩን ይመለከታል። እርሱ የእኛን ሰማይ ያነባል። እኛ የእርሱን ምድር አናይም። ከላይ የሚኖር ሰው ከታች ስላለው ለማሰብ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ከታች ያለው ግን በየቀኑ ስለ ላይኛው ለማሰብ ይገደዳል። ይህ የወንዝ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሹመትና የሀብትም ጠባይ ነው።

ሚሌ ከአዋሽ ከገባ በኋላ ውኃው ወደ ተንዳሆ፣ ወደ ዱብቲና ወደ አሳይታ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቆማል። አቤ መውጫ የለውም። መጽሐፈ መክብብ ስለ ወንዞችና ስለ ባሕር የሚናገረውን የተማረ ልጅ ይህን ሲሰማ ሊደነቅ ይችላል፤ አዋሽ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕሩ ጥቂት ሲቀረው በጨው መካከል ይተንናል። የአዋሽን መጨረሻ እስከ አቤ ተከትሎ ለዓለም ያስረዳው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው፤ ዘመኑም 1926 ዓ.ም. ነበር። አፋሮች ግን ከእርሱ በፊት ያውቁት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም።

የውኃ አገር ታሪክ ሲጻፍ ሐይቅ ከወንዝ ይልቅ ዕድለኛ ነው። በዚሁ አካባቢ ያለው የሃይቅ ባሕር የአርዲቦን ውኃ በአንከርካ ወንዝ በኩል እየተቀበለ በቦታው ይቀመጣል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በእስጢፋኖስ ገዳም ተማሪ ሰብስበው መጻሕፍት ስላስጻፉበት ስሙ በታሪካችን ውስጥ ጸንቶ ይኖራል። ወንዝ ግን አላፊ ነውና ጸሐፊ አያገኝም። ሚሌን ወደ ታሪክ ያስገባው ሰው ስለ ውኃ የመጣ ሳይሆን ስለ መሬት የመጣ ነው፤ እርሱም ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው።

የውጫሌን ውል ሁላችሁም ተምራችሁታል። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ካረፉ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዘውዱን ለመያዝ ወደ ወሎ ወጥተው ሰፍረው ነበር። በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ባለ 20 አንቀጽ ውል ተዋዋሉ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት ቢፈልጉ ሊረዱ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የተረዱት በ1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲመጣ፣ ጉዳይዎ በጣልያን በኩል ይምጣ የተባሉ ጊዜ ነው። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ደም ፈሰሰበት፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል ጣልያን ውጫሌን መሻሯን አመነች። አንዳንድ ሰው ይህን ሁለት ትርጉም ያለውን አንቀጽ ውኃ ከሚከፍለው ተራራ ጋር ማመሳሰል ይወዳል። እኔ አልወደውም፤ ተራራው ውኃውን የሚከፍለው ያለ ተንኰል ነው።

በትምህርት ቤት የማይነገረው ሌላ ነገር አለ። አንቶኔሊ ውጫሌ የደረሰው ከሰማይ ወርዶ አይደለም፤ ከወንዙ ግርጌ ወደ ወንዙ ራስ ወጥቶ ነው። ሩባቲኖ የተባለው የጣልያን የመርከብ ኩባንያ በ1862 ዓ.ም. በአሰብ መሬት ገዝቶ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. የጣልያን መንግሥት ስፍራውን በእጁ አደረገ። ከአሰብ ወደ ሸዋ የሚያወጣው የነጋዴ መንገድ አዋሽ በሚያበቃበት በአውሳ በኩል ስለሆነ፣ አንቶኔሊ በ1875 ዓ.ም. ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ሐንፈሬ ጋር የመንገድና የንግድ ውል ተዋዋለ። እንደገናም በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ ማለት ከውጫሌው ውል አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ከዚያው ሱልጣን ጋር ሌላ ውል ተደረገ፤ በዚህም የዳናክል ባሕር ዳርቻ ለጣልያን ታወቀ፣ አውሳም ወደ ጣልያን ጥበቃ እንድታዘነብል ተደረገ። ከዚያ መልእክተኛው ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ወደ ደጋው ወጣ።

አሁን ነገሩን ከላይና ከታች አንድ ላይ እንየው። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ሰው፣ ከአንድ ወንዝ ተፋሰስ ግርጌና ራስ ላይ ሁለት ወረቀት አስፈረመ። የግርጌው ባለቤትና የራስጌው ባለቤት በአንድ ምንጣፍ ተቀምጠው አልተዋዋሉም፤ በሁለቱም ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው አንቶኔሊ ብቻ ነበረ። ለእርሱ የአውሳ ሜዳና የአምባሰል ተራራ አንድ መንገድ ነበሩ። ለእኛ ግን ሁለት አገር ነበሩ፤ ደገኛው ቆለኛውን በገበያ ቀን ከጨውና ከቅቤ ጋር ያውቀዋል፣ በወረራ ቀን ከጦር ጋር ያውቀዋል፣ ከዚህ በቀር አያውቀውም። ጣልያን የተጠቀመችው በትርጉም ስሕተት ብቻ ነው ብሎ የሚያስተምር መምህር ግማሹን አስተምሯል። አንድን ቤት በሁለት በር የሚገባ እንግዳ በሩን የሚያገኘው የቤቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው።

ያ ዘመን ክፉ ቀን የተባለው ነበር፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ አንበጣና ድርቅ ተከትሎ፣ ሕዝብ አለቀ። ውሉ የተፈረመው በዚያ ረኃብ መካከል ነው። ረኃብ ከዚያ በኋላም በዚህ ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ ተመላልሷል፤ ከሁሉ ይልቅ እንዲመረመር የምፈልገው ግን የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ረኃብ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር የተሰበሰበውን ሕዝብ የረሳ የለም።

ስለዚያ ረኃብ የሚነገረው ብዙ ጊዜ «ዝናብ ጠፋ» የሚለው ነው። ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው። ነገር ግን የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ገደማ በታተመ መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሮ ያገኘው ነገር ያስደነግጣል፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ረኃብ ባለበት አገር እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ሰው ያለቀው እህል ከምድር ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ምርቱ የጠፋበት ገበሬ እህሉን የሚገዛበት ስለ አጣ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ረኃብ የገበያ ዋጋ አያስወጣም፤ በዝምታ ይሞታል።

ይህ የላይኛው ወንዝ ነው። የታችኛው ምክንያቱ ሌላ ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በወንዙ ዳር ሰፊ የእርሻ መሬት ለኩባንያዎች ተሰጠ፤ በተንዳሆ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ጥጥ ያለማ ነበር። ጥጡ መልካም ጥጥ ነው፤ ለአገርም የውጭ ገንዘብ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ እርሻው የያዘው መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። አፋር በዝናብ ጊዜ ከብቱን ወደ ሜዳው አሠማርቶ፣ በበጋ ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል፤ ያ የወንዝ ዳር ሣር የክፉ ቀን ጎተራው ነው። ከአውሮፕላን ያየ መሐንዲስ በዝናብ ወራት ሰው ያልሰፈረበትን ሣር «ጠፍ መሬት» ይለዋል። በደህና ዓመት ጉዳቱ አልታየም፤ ድርቅ በመጣ ጊዜ ግን መንጋው ወደ ጎተራው ቢመለስ ጎተራው በጥጥ ተይዞ አገኘው። ከብቱ ከሳ፤ የከሳ ከብት ዋጋ ወደቀ፤ አንድ ላም ይገዛ የነበረው እህል ሩቡን እንኳ አልገዛም እስከሚባል ድረስ ሰው ተቸገረ።

ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ውኃ ራስና ግርጌ፣ ሁለት ሕዝብ በሁለት ልዩ ምክንያት ተራበ። ከላይ ያለው ዝናብ አጣ፤ ከታች ያለው ወንዙ ሳይደርቅ ወንዙን አጣ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት ለዓባይ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ይህ ረኃብ ከተከሰሱባቸው ነገሮች ዋናው ነበር፤ የጥጥ እርሻዎቹም በዚያው ዓመት ተወረሱ። ሆኖም የተወረሰው መሬት ለመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ ለመንጋው አልተመለሰም። አዲሱ ባለቤት እንደ አሮጌው በላይ ሆኖ አስቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወሎ ተራሮች ላይ እርከን መሥራት ተጀመረ። በዓለም የምግብ ድርጅት እርዳታ ገበሬው በቀን 3 ኪሎ እህልና ጥቂት ዘይት እየተከፈለው ድንጋይ ካበ፣ ዛፍ ተከለ፤ አንዳንዱ ተራራም ሰውና ከብት እንዳይገባበት ተከለለ። ሥራው ለአፈሩ የሚጠቅም ነበር። ገበሬው ግን ተራራው የእርሱ መሆኑን የነገረው፣ ምን ይመስልሃል ብሎም የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ከክልሉ ሣር ያጨደ ልጁ ይቀጣ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜም ብዙ ሺህ ወሎዬ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ጋምቤላ ተወስዶ ሰፈረ፤ ዛሬ በጣና በለስ ዳር የሚኖር ሽማግሌ የአምባሰልን ሰው ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ» የሚለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በብዙ ስፍራ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም ተናደ። ሰው የገዛ መሬቱን ግድግዳ ስለ ምን ያፈርሳል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ግድግዳውን የሠራው ጉልበቱ እንጂ ፈቃዱ አልነበረም የሚል ነው። በኋላም በየዓመቱ በጋ በዘመቻ እርከን ይሠራ ጀመር፤ የሠራው ሰው ጥቅሙን ባየበት ስፍራ እርከኑ ቆሟል፣ ባላየበት ስፍራ ፈርሷል።

የፈረሰ እርከን አፈር በስፍራው አይቀርም። ከአምባሰል ትከሻ የታጠበው ጥቁር አፈር በሚሌ ተጭኖ ይወርዳል፤ ሚሌ ከአዋሽ የሚገባው ከተንዳሆ ግድብ በላይ ስለሆነ ደለሉ መንገዱ ወደ ግድቡ ነው። ለአንዱ ማሳውን ያሳጣው ለሌላው ግድቡን ይሞላበታል። ከላይ ያለው ገበሬ አንድ ካብ ቢጠግን በእርሱ ማሳ ላይ የሚቀረው አፈር እርሱን ይጠቅማል፤ ያልወረደው ደለል ደግሞ ስሙን የማያውቀውን ሰው ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ውጫሌንና ሃይቅን አልፎ ደሴ በገባ ጊዜ፣ በታችም በኩል ወደ ሚሌ በሚወስደው ቆላ ውጊያ ነበረ። ስለዚያ ቁስሉ ሳይጠግግ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ የወንዙ ራስና ግርጌ በአንድ ወር ያለቀሱ መሆናቸውን ብቻ መዝግቤ አልፋለሁ።

ደለል ግን ክፋት ብቻ አይደለም፤ የሸፈነውን ይጠብቃል። ከሚሌ አጠገብ ወራንሶ ሚሌ በተባለው የአፋር ምድር፣ በዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲፈልጉ ቆይተው ነበር። የካቲት 2008 ዓ.ም. ሚሮ ዶራ በሚባል ስፍራ ዓሊ በረይኖ የተባለ የአካባቢው አፋር ከመሬት ላይ የላይኛ መንጋጋ ስባሪ አግኝቶ አሳያቸው። ዶክተሩ ወደ ስፍራው ሄደው ዙሪያውን ሲመለከቱ የቀረው የራስ ቅል በጥቂት ርምጃ ርቀት ላይ ተገኘ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ለዓለም ሲገለጥ ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ ተነገረ፤ ከሉሲም ይቀድማል። የድንጋይ ሊቃውንት ቅሉ የተቀበረበትን አሸዋ መርምረው፣ ያ ስፍራ በዚያ ዘመን አንድ ወንዝ ከሐይቅ የሚገባበት አፍ እንደ ነበረ ተረዱ። በዙሪያው ያለው አገር ያን ጊዜም ደረቅ ነበር፤ ወንዙ ግን የመጣው ከሩቅ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሰውነቱ ወድቆ ሥጋው ሲጠፋ፣ ራሱን ሸፍኖ ለዓሊ ያቆየው ከላይ የወረደ ደለል ነው።